ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። ልጅ ሳለሁ ይህ ምሳሌ ሲነገር በሰማሁ ቍጥር ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኝ ነበር። በቅሎን የምታህል ሀብት ተወስዳበት ዝም ያለ ሰው፣ ለመንገድ ስንቅ ለተጋገረች አንዲት ጭብጦ እንዴት ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድራል እያልሁ እደነቅ ነበር። ዛሬ ዕድሜዬ ወደ ሰባ ሲጠጋ የምሳሌው ምሥጢር ገብቶኛል። የገባኝም በፍርድ ቤት ወይም በሽማግሎች ሸንጎ ሳይሆን፣ ሁለት ሰዎች ጓንት አጥልቀው በሚጋጠሙበት በቡጢ መድረክ ነው ብል አንባቢዬ እንዳይስቅብኝ እለምናለሁ።

ስለ ቡጢ ማንሣቴ ጨዋታውን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። እኔን የሚያስደንቀኝ ከድብደባው ይልቅ ፍርዱ ነው። በሩጫ ማን እንደ ቀደመ የሚፈርዱት የመጨረሻው መስመርና ሰዓቱ ናቸው፤ በእግር ኳስም ኳሲቱ ከመረቡ መግባቷን ሕዝብ ሁሉ ያያል። በቡጢ ግን አንዱ ሌላውን በዝረራ ካልጣለው በቀር ድሉ የሚገኘው በዳኞች ወረቀት ላይ ነው። ዳኞቹ በመድረኩ ዙሪያ በየአቅጣጫው ስለሚቀመጡ፣ አንዱ ያየውን ጡጫ የተጋጣሚው ጀርባ ከሌላው ዐይን ይሰውረዋል። ዛሬ በሚሠራበት ደንብ ዙሩን ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ 9 ያገኛል፤ በዙሩ ውስጥ የወደቀ ብዙውን ጊዜ 8 ይሰጠዋል። ታዲያ አንዱን ዙር በጭንቅ ያሸነፈና በሰፊው ያሸነፈ እኩል 10 ለ9 ስለሚጻፍላቸው፣ ሕዝብ በዐይኑ ያየው ብልጫ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ሊቀልጥ ይችላል። ከዚህም በላይ በደንቡ ያልተጻፉ፣ ነገር ግን በዳኛው ልብ ውስጥ የሚናገሩ ነገሮች አሉ። እነርሱም የሻምፒዮኑ ስም፣ የተመልካቹ ጩኸት፣ የአስተናጋጁ አገር ክብር፣ አንዳንድ ጊዜም ገንዘብ ናቸው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የራሴን ታሪክ ከምተርክበት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዬ ይረዳልኝ።

በዲሴምበር 5 ቀን 1947 በኒውዮርክ ከተማ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ የተደረገውን ግጥሚያ እንመልከት። ጆ ሉዊስ በዚያን ጊዜ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነትን ለዐሥር ዓመት ይዞ የኖረ፣ ስሙ ብቻ ተጋጣሚውን የሚያርበደብድ ሰው ነበር። ሊገጥመው የመጣው ጀርሲ ጆ ዎልኮት ደግሞ በድህነት ያደገ፣ የስድስት ልጆች አባት፣ ቡጢን በተደጋጋሚ እየተወ ችግር የሚመልሰው ሰው ነበር። ውርርድ የሚያስይዙ ሰዎች 10 ለ1 ለሉዊስ አድልተው ነበር። ዎልኮት ግን ሻምፒዮኑን በመጀመሪያውና በአራተኛው ዙር መሬት ላይ ጣለው። በቀሩትም ዙሮች ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ ወደ ጎን እየታጠፈ፣ የሚከተለውንም እየመታ ዐሥራ አምስቱን ዙር ፈጸመ። ሉዊስ ራሱ የተሸነፈ መስሎት ፍርዱ ሳይነበብ ከመድረኩ ሊወርድ ሲል ረዳቶቹ ያዙት።

ፍርዱ በተነበበ ጊዜ የመሐል ዳኛው ሩቢ ጎልድስቲን ሁለቱን ዙር እኩል አድርጎ 7 ለ6 ለዎልኮት ፈርዶ ተገኘ። ሁለቱ የነጥብ ዳኞች ግን አንዱ 8 ለ6፣ ሁለተኛው 9 ለ6 ለሉዊስ ሰጡ። በአዳራሹ የነበረው ከ18 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በጩኸት ተቃወመ። ሉዊስም ወደ ዎልኮት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀው ይባላል።

ዳኞቹ እንዲህ ያደረጉት ለምንድን ነው? በኒውዮርክ በዚያን ጊዜ ፍርዱ የሚሰጠው በዙር ብዛት ስለ ነበረ፣ ሻምፒዮኑ የወደቀበት ዙርና በአንዲት ጡጫ ብልጫ የተገኘ ዙር ዋጋቸው አንድ ነበር። ይህ የደንቡ ጉድለት ነው። ሌላው ምክንያት ግን የሰው ልማድ ነው። የሻምፒዮንን ዘውድ የሚፈልግ ሰው ወደ ፊት ሄዶ ከራሱ ላይ መንጠቅ አለበት፣ ወደ ኋላ እያለ የሚመታ ድል አይገባውም የሚል ያልተጻፈ ሕግ በብዙዎች ዘንድ አለ። ይህን «ወደ ኋላ የሚል» የተባለውን ነገር አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

በጁን 25 ቀን 1948 ሁለቱ እንደ ገና ተጋጠሙ፤ ሉዊስም በዐሥራ አንደኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ዎልኮት ተስፋ ሳይቆርጥ በ1951፣ በ37 ዓመቱ፣ ለዘውዱ ባደረገው አምስተኛ ሙከራ ኤዛርድ ቻርልስን በሰባተኛው ዙር ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። የዚህ ሰው ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። በሜይ 25 ቀን 1965 መሐመድ ዓሊና ሶኒ ሊስተን በሜይን አውራጃ በሉዊስተን ከተማ ሲጋጠሙ የመሐል ዳኛው ይኸው ዎልኮት ነበር። ሊስተን በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ዎልኮት ዓሊን ወደ ማዕዘኑ ለመመለስ ሲታገል ቍጥሩ ጠፋበት። ሊስተን ተነሥቶ ግጥሚያው ከቀጠለ በኋላ፣ የቡጢ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ናት ፍላይሸር ከመድረኩ ሥር ሆኖ ሰውዬው ከዐሥር ቍጥር በላይ ወድቆ መቆየቱን ስለ ነገረው፣ ዎልኮት ተመልሶ ግጥሚያውን አቋረጠ። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል። በ1947 በሰው ፍርድ የተጐዳው ሰው፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ በራሱ ፍርድ ዓለምን አከራከረ ማለት ነው። እንግዲህ የተበደለ ሰው ሁሉ በዳኝነት ወንበር ሲቀመጥ ፍርድ የሚያውቅ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

አሁን ሃምሳ አንድ ዓመት ያህል እንለፍ። በማርች 13 ቀን 1999 በዚያው ከተማ፣ ስሙ ያው ሆኖ ሕንጻው በተለወጠው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ እንግሊዛዊው ሌኖክስ ሉዊስ ከአሜሪካዊው ኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር ለዓለም የከባድ ሚዛን ዘውድ ተጋጠመ። የታሪክ ነገር የሚያስደንቅ ነው፤ የእንግሊዙና የጥንቱ ሻምፒዮን የአባት ስም በእኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ይሆናል። የመጀመሪያው ሉዊስ ያልተገባው ድል የተሰጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሉዊስ የተገባው ድል የተነሣው ሆነ። በዚያች ሌሊት ሌኖክስ ሉዊስ 348 ጡጫ ሲያሳርፍ ሆሊፊልድ 130 ብቻ እንዳሳረፈ ተቈጠረ። ይሁን እንጂ የደቡብ አፍሪካው ዳኛ 116 ለ113 ለሉዊስ፣ የአሜሪካዋ ዳኛ 115 ለ113 ለሆሊፊልድ፣ የእንግሊዙ ዳኛ ደግሞ 115 ለ115 ስለ ጻፉ ግጥሚያው እኩል ለእኩል ተባለ። በይበልጥ ያነጋገረው አምስተኛው ዙር ነው። ሉዊስ ተጋጣሚውን ወደ ገመዱ አስጠግቶ ሲመታው ሕዝብ እያየ፣ አሜሪካዊቷ ዳኛ ዙሩን ለሆሊፊልድ ሰጠች።

ሉዊስ በኖቬምበር 13 ቀን 1999 በላስ ቬጋስ በተደረገው ዳግም ግጥሚያ በሦስቱም ዳኞች ድምፅ አሸነፈ። ብዙ ሰዎች ይህን አይተው «ፍርዱ ታረመ» ይላሉ። በበኩሌ አልስማማም። ዳግም ግጥሚያ ሌላ ቀን የተሠራ ሌላ ሥራ ነው፤ ያለፈውን ሌሊት አይመልስም። እንዲያማ ቢሆን ዎልኮት በሁለተኛው ጊዜ ስለ ተዘረረ የመጀመሪያው ፍርድ ትክክል ነበር ልንል ነው። ዳግመኛ የመጋጠም ዕድል ከቶ የማይገኝበትም ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ የተፈጸመው ነው።

በዚያ ዓመት አገራችን ወደ ሴኡል ስፖርተኞች ስላልላከች ጨዋታውን እንደ ወትሮው በጉጉት አልተከታተልሁትም፤ ታሪኩን በሚገባ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በኦክቶበር 2 ቀን የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ሮይ ጆንስ ለወርቅ ሜዳልያ ከኮሪያዊው ከፓርክ ሲ ሁን ጋር ተጋጠመ። በሦስቱ ዙር ጆንስ 86 ጡጫ ሲያሳርፍ ፓርክ 32 ማሳረፉ ተቈጥሯል። የሶቪየት ኅብረትና የሀንጋሪ ዳኞች 60 ለ56 ለጆንስ ፈረዱ፤ የኡራጓይ፣ የሞሮኮና የኡጋንዳ ዳኞች ግን ለፓርክ ስለ ፈረዱ፣ ኮሪያዊው 3 ለ2 አሸናፊ ተባለ። ፓርክም ጆንስን አቅፎ ከመሬት አነሣው። በውድድሩ ከሁሉ የበለጠ የቡጢ ጥበብ ላሳየ ተጋጣሚ የሚሰጠው የቫል ባርከር ዋንጫ ብር ለተሰጠው ለጆንስ መሸለሙ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ አደረገው። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በ1997 የጉቦ ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ ውጤቱም በመዝገብ እንደ ተጻፈ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ጥፋቱን በመሣሪያ ሊያርሙት ሞክረዋል። በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ዳኞች ጡጫ ባረፈ ቍጥር ቁልፍ እየተጫኑ በኮምፒዩተር ይቈጠር ጀመር። ይህም ስላላረካ ቀርቶ፣ በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔሮ እንደ ገና ወደ 10 ነጥብ ደንብ ተመለሱ። በ2021 የወጣው የነጻ መርማሪዎች ሪፖርት ግን በሪዮም ሆን ተብሎ ፍርድ መጣመሙን ገለጠ። መሣሪያ ዐይንን ይረዳል እንጂ ልብን አያቀናም።

ወደ ሴኡል ልመለስ። ለፓርክ ከፈረዱት ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በኋላ ሰጠው ተብሎ የተጻፈውን ምክንያት ባነበብሁ ጊዜ ወረቀቱ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አሜሪካዊው በግልጽ አሸንፏል፤ አራቱ ባልንጀሮቼ ያለ ጥርጥር ለእርሱ እንደሚፈርዱ ስላመንሁ፣ አስተናጋጁ አገር እንዳያፍር የእኔን አንድ ድምፅ ለኮሪያዊው ሰጠሁ አለ ይባላል። አንባቢዬ ይህን ሰው ሊፈርድበት ይችል ይሆናል። እኔ ግን ልፈርድበት አልቻልሁም፤ ያ ቃል የእኔው ቃል ነበረና።

በ1975 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ መምህር ነበርሁ። በዚያን ዘመን የወጣቶች የስፖርት ውድድር በየአውራጃው ይደረግ ነበር። የቡጢን ደንብ ጥቂት አውቃለሁ ስላልሁ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እንድሆን ተመረጥሁ። በመጨረሻው ግጥሚያ አንዱ የከተማው ልጅ፣ ሁለተኛው ከሌላ ወረዳ የመጣ ልጅ ነበር። የከተማው ልጅ ጕልበትና ድፍረት ሞልቶት ዐይኑን ጨፍኖ ወደ ፊት የሚገባ ነበር። እንግዳው ልጅ ግን ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ያ ሲገባበት በቀጥታ የሚመታ ነበር። ሦስቱንም ዙር ያሸነፈው እንግዳው ነው። ይህን በዚያን ቀን አውቅ ነበር፤ ዛሬም አውቃለሁ።

የከተማው ልጅ እናት ጠላ እየሸጡ ብቻቸውን ያሳደጉት ሴት ነበሩ። ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ልጃቸው በተመታ ቍጥር ነጠላቸውን በአፋቸው ይነክሱ ነበር። ወረቀቴን ልሞላ ስል ዐይኔ ከዐይናቸው ተጋጠመ። በልቤም፦ «እነዚያ ሁለቱ ዳኞች ለእንግዳው መፍረዳቸው አይቀርም። ልጁ በሦስት ድምፅ ተሸነፈ ከሚባል ሁለት ለአንድ ቢባል ለእናቱ መጽናኛ ይሆናቸዋል፤ ማንም አይጐዳም» አልሁ። ስሙንም ጻፍሁ። ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ደግሞ ወደ ፊት የሚገባ ተጋጣሚ ይወድ ኖሮ እንደ እኔው ጽፎ ነበር። ፍርዱ ሲነበብ የከተማው ልጅ ሁለት ለአንድ አሸነፈ ተባለ። አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ግን ጥርኝ ውሃ አፈሳለሁ ብዬ ግድብ እንዳፈረስሁ ያን ጊዜ ታወቀኝ።

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ እንግዳው ልጅ ብቻውን መጥቶ ከፊቴ ቆመ። አልተቈጣም፤ አላለቀሰምም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፦ «መምህር፣ የቱ ላይ አጠፋሁ? ይንገሩኝና ላርም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያ ጊዜ የመጨረሻው ዕድሌ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ነገር ግን የዳኝነቴን ክብር ከልጁ እውነት አስበልጬ፦ «ትሸሻለህ፤ ወደ ኋላ የሚል ሰው አያሸንፍም» አልሁት። በ1947 በዎልኮት ላይ የተሰነዘረውን ነቀፌታ ሳላውቀው በአንድ ልጅ ራስ ላይ ጫንሁት። ልጁም አመስግኖኝ ሄደ።

በማግሥቱ ዓመት እንደ ገና መጣ። አቋሙ ተለውጦ ነበር፤ ጥበቡን ሁሉ ትቶ ወደ ፊት እየገባ ይደበደብ ጀመር። በሁለተኛው ዙር ወደቀ። ከዚያ በኋላ ጓንት አላጠለቀም። የከተማውም ልጅ አልጠቀመውም። ወደ ክፍለ ሀገሩ ውድድር ሄዶ ክፉኛ ተመትቶ ተመለሰ፤ ጓደኞቹም «ሁለት ለአንድ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ከከተማው ጠፋ። በርኅራኄ የሰጠሁት ድምፅ አንዱን ያልተገባው ሽንፈት፣ ሌላውን ያልተገባው ድል አሸከማቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ እስከ ዛሬ ለመመዘን አልቻልሁም።

ፓርክ ሲ ሁን ግን ሳይመዝነው አይቀርም። ያ ሰው ዳኛ አልነበረም፤ ፍርዱን አልጠየቀም። ሆኖም የገዛ አገሩ ሰዎች ሳይቀሩ ነቀፉትና ቡጢን አቆመ፤ ቆይቶም አሠልጣኝ ሆነ። ወርቁን ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል አኖረው። በ2023 በፍሎሪዳ አውራጃ በፔንሳኮላ ወደ ጆንስ ቤት ሄዶ፣ ይህ የአንተ ነው ብሎ ሜዳልያውን በእጁ ሰጠው። ዜናው በ2025 በዓለም ሲሰማ ጆንስ ሲያለቅስ በሥዕል ታየ። መዝገቡ አልተለወጠም፤ ሸንጎም አልተቀመጠም። ጉዳዩን ያቀናው ከሁሉ ያነሰ ጥፋት የነበረበት ሰው ነው።

ይህን በሰማሁ ጊዜ አፈርሁ። ፓርክ ሳያጠፋ ባሕር ተሻግሮ ከሄደ፣ አጥፍቼ የተቀመጥሁት እኔ ምን ልባል ነው? ብዙ ጠይቄ የዚያን የእንግዳ ልጅ አድራሻ አገኘሁ። ጠጕሩ ሸብቶ፣ የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ሆኗል። ስሜን ስነግረው በደስታ ተነሥቶ እጄን ሊስም አጐነበሰ፤ ከለከልሁት። ከዚያም ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ እናቲቱ፣ ስለ ወረቀቱ፣ «ትሸሻለህ» ስላልሁትም ነገር።

በቅባት የጠቆሩ እጆቹን በጨርቅ እየጠረገ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻም፦ «ግጥሚያውንስ ረስቼው ነበር፣ መምህር» አለኝ። «ያንን የነገሩኝን ቃል ግን አምኜው ነው የኖርሁት። ወደ ኋላ የሚል ሰው አያሸንፍም እያልሁ ነው ልጄን ያሳደግሁት። ስንት ጊዜ ዝም ማለት፣ ስንት ጊዜ ገለል ማለት ሲገባኝ ገፍቼ ሄጃለሁ።» ከዚያም ከአንድ መኪና ሥር ተጋድሞ ይሠራ ወደ ነበረው ወጣት ዞር ብሎ፦ «ና ውጣ፤ መምህሬ የሚሉህን ስማ» ብሎ ጠራው። ወደ እኔም ተመልሶ፦ «ለእርሱም ይንገሩልኝ» አለኝ።

ለአባቱ መንገር ከባድ ነበር፤ ለልጁ መንገር ግን ከዚያ ይከብድ ነበር። ነገርሁት።

እንግዲህ የምሳሌው ምሥጢር ይህ ይመስለኛል። በፍርድ የሄደች በቅሎ አንድ ጊዜ ሄዳለች፤ ባለቤቷ ጥፋቱን ዐውቆ ይታረማል። ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ግን ብቻዋን አትሄድም። የተነጠቀው ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ሲፈልግ ይኖራል፣ የተሰጠውም ሰው ያልሠራበትን እንጀራ እየበላ ይኖራል። ዳኛ ሲሳሳት ውጤትን ብቻ አያበላሽም፤ ሐሰትን ያስተምራል፤ ትምህርቱም እንደ እኔው ቃል ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ በመምህርነት፣ በሽምግልና፣ በአለቅነት፣ በማናቸውም ወንበር የተቀመጥን ሁሉ፣ «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ታደርጋለች» ብለን ከመጻፋችን በፊት ብናስብ መልካም ነው። ከጻፍን በኋላ ደግሞ መዝገብ እስኪታረም መጠበቅ አይገባንም፤ በእግራችን እንሂድ።

የከተማውን ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። እየጠየቅሁ ነው።